ለተጨነቀ ልጅ የአተነፋፈስ ልምምድ፦ ጎንደር ላይ የቱ ያዋጣል?

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ጎረምሳ ልጇ የሚያረጋጋ የአተነፋፈስ ዘዴ ለጠየቀችው የማራኪ ሰፈሯ እህታችን የእኔ ጥቆማ ይኸው።

ከሁሉ የማስቀድመው ጤና አዳምና ሻይ ነው። ጤና አዳሙን ቅዳሜ ገበያ በጥቂት ብር ታገኚዋለሽ። አንድ ዘለላ አስይዢውና «አሽትት» በይው፤ በአፍንጫው ይስባል። ቀጥሎ ለብ ያለ ሻይ አቅርቢለትና «ቀስ ብለህ እፍ በል» በይው። ሻዩ ከላይ እርግብግብ ይበል እንጂ አይፍሰስ። አራት አምስት ጊዜ ሲደጋግመው ትከሻው ወረድ ሲል ታያለሽ። ቀስ ብሎ፣ ረዘም ብሎ የሚወጣ ትንፋሽ የልብ ምትን ያረጋጋል። «እስከ አራት ቆጥረህ ሳብ፣ እስከ አራት ያዝ» የሚሉት ግን መቁጠር ለሚከብደው ልጅ ሌላ ጭንቀት ነው። ደግሞ ልጁ ጎረምሳ ነው፤ የሕፃን ጨዋታ ሲሰጡት ይከፋዋል። ሻይ ግን የትልቅ ሰው ነው።

አረፋ የማያሳፍረው ከሆነ የሳሙና አረፋም ግሩም ነው። በኃይል ሲነፋ ይፈነዳል፣ ቀስ ሲል ያብጣል፤ ስለዚህ አረፋው ራሱ ያስተምረዋል። በሽቦ ቀለበት ይሁን። በስትሮ ከሆነ ሳሙናውን ሊመጠው ይችላል።

ፊኛ በፍጹም አልመክርም። ጉልበት ይፈልጋል፣ ራስ ያዞራል፣ ሲፈነዳ ያስደነግጣል፣ ቁራጩም ሊያንቅ ይችላል። አተነፋፈስ የሚያለማምዱት የስልክ አፕሊኬሽኖች አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ከትንፋሽ ጋር ክብ ሲሰፋና ሲጠብ ማየት ደስ የሚለው ልጅ ከሆነ ግን ድምፁን አጥፍተሽ ሞክሪው።

የትኛውንም ብትመርጪ ልምምዱ ልጁ ደህና በሆነበት ሰዓት ይሁን፤ አንቺም አብረሽው ተንፍሺ። ጥር 11 የፋሲለደስ መዋኛ ግፊያ ውስጥ ሲጨነቅ አዲስ ነገር ላስተምርህ ቢሉት አይሰማም። ከወዲሁ ጀምሩ።

የሚጥል በሽታ ካለበት ተጠንቀቂ። ቶሎ ቶሎ በጥልቀት መተንፈስ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ስለሚችል አስቀድመሽ ሐኪሙን አማክሪ። ጭንቀቱ በድንገት የመጣ ከሆነም ወደ ልምምዱ አትሩጪ። አሞኛል ማለት የማይችል ልጅ ጥርሱን ወይም ጆሮውን ሲያመው እንዲሁ ይረበሻል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይታይ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም እዚያው አለ። ዩኒቨርሲቲው ለአካል ጉዳተኞች የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ፕሮግራምም ስላለው፣ እዚያ ስትሄጂ ስለ እሱም ጠይቂ።