ገንዘባችሁን ለማውጣት መጀመሪያ 15% ታክስ ላኩ ተባልን፤ እንላክ?

ሳሮን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የታላቅ ወንድሜ ጉዳይ ነው፤ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቴሌግራም ላይ የተዋወቃት ሴት አንድ የክሪፕቶ መገበያያ ድረ ገጽ ላይ አስመዘገበችው። መጀመሪያ 100 ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራ የክሪፕቶ ገንዘብ) አስገብቶ ከጥቂት ቀን በኋላ 120 አወጣ፤ ያወጣው በእርግጥ ዋሌቱ (የክሪፕቶ ገንዘቡን የሚይዝበት አፕ) ገብቷል። ከዚያ 2,400 ጨመረ። አሁን ሂሳቡ 9,300 ያሳያል። ሊያወጣ ሲል «የትርፍህን 15%፣ ማለትም 1,035 ዩኤስዲቲ፣ ለታክስ በዚህ አድራሻ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልላክህ ሂሳብህ ይታገዳል» አሉት። እሱ ተበድሮ ሊልክ ተነስቷል።

ቢከፍል ይለቁለታል? ድረ ገጹ እውነተኛ መሆኑን በምን እናጣራ? ደግሞ ዋሌቱን ከድረ ገጹ ጋር አገናኝቶታል፤ እዚያ ውስጥ ሌላ 600 ዩኤስዲቲ አለው። ያሰጋዋል?

ኤፍሬም

ሳሮን፣ አንድም ሳንቲም እንዳይልክ። ብድሩን አሁኑኑ አስቁሚው፤ ሌላው ነገር ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እውነተኛ ኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ) የማውጫ ክፍያ ካለው ከሂሳቡ ላይ ይቀንሳል እንጂ ከውጭ አዲስ ገንዘብ አምጡ አይልም። ታክስም ቢሆን የሚከፈለው ለግብር መሥሪያ ቤት ነው እንጂ በቻት ለተላከ የዋሌት አድራሻ አይደለም። ወንድምሽ ራሱ እንዲያየው አንድ ነገር ይጻፍላቸው፦ «ታክሱን ከ9,300ው ላይ ቀንሳችሁ የቀረውን ላኩልኝ።» ሲስተሙ አይፈቅድም፣ ሂሳቡ ስለተቆለፈ አይነካም ይሉታል። እምቢ የሚሉት 9,300ው ስለሌለ ነው። ገጹ ላይ የሚታየው የቢትኮይን ዋጋ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውን ከየትም መቅዳት ቀላል ነው። በስሙ የተገዛና የተሸጠ ነገር ግን የለም፤ ትርፉን የጻፈው ድረ ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው።

ቢከፍል የሚመጣው ሌላ ክፍያ ነው። ከታክሱ በኋላ የማንነት ማረጋገጫ ተቀማጭ፣ ቀጥሎ ገንዘቡ በሕገ ወጥ ዝውውር ስለተጠረጠረ የምርመራ ዋስትና፣ ከዚያም የማውጫ አድራሻ ተሳስተህ ሞልተሃልና የማስተካከያ ክፍያ። ሁሉም የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ገደቡ የሚቀመጠው ሰው እንዳይጠይቅና እንዳያማክር ነው። ጥያቄው የሚያበቃው ወንድምሽ የሚበደረው ሲያጣ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የወጣለት 120 ብዙዎችን ያሳስታል። የራሱ 100 ከነጭማሪው ነው የተመለሰለት፤ ለእነሱ የ20 ዩኤስዲቲ ወጪ ነው፣ በእሱ 2,400 አመጡበት። ስለዚህ «አንድ ጊዜ አውጥቻለሁ» የሚለው ስለ አንድ መድረክ ታማኝነት ምንም አያረጋግጥም።

ቅድስት

እኔ ስለ 600ው ልመልስ፤ አሁን ሊድን የሚችለው እሱ ነው።

ዋሌት ማገናኘት ብቻውን ገንዘብ አያስወስድም። ድረ ገጹ የሚያየው አድራሻውንና በውስጡ ያለውን መጠን ነው። አደጋው ካገናኘ በኋላ በፈረመው ነገር ላይ ነው፤ ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቂው።

አንደኛ፣ ዋሌቱ ሲከፈት የተሰጡትን፣ የያዘው ሰው ገንዘቡን የሚያዝባቸውን 12 ወይም 24 የመልሶ ማግኛ ቃላት የትም ጽፏል? ስክሪንሾት አንስቶ ልኳል? ከሆነ ያ ዋሌት አብቅቶለታል። ፒኑን መቀየር ወይም አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን አይረዳም። እዚያው አፕ ውስጥ «አዲስ አካውንት» መክፈትም እንዲሁ፤ አካውንቶቹ ሁሉ የሚመነጩት ከእነዚያው ቃላት ነው። ንጹሕ ስልክ ላይ አዲስ ቃላት ያለው አዲስ ዋሌት ተከፍቶ ገንዘቡ ይዛወር።

ሁለተኛ፣ «አፕሩቭ» የሚል ነገር ተጭኗል? ይህ ለአንድ ኮንትራት (ኔትወርኩ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) ወይም አድራሻ «ከእኔ ዋሌት ይህን ቶክን (እንደ ዩኤስዲቲ ያለ የክሪፕቶ ገንዘብ) እስከዚህ መጠን መውሰድ ትችላለህ» ብሎ ፈቃድ መስጠት ነው። መጠኑ 115792 ብሎ የሚጀምር እጅግ ረጅም ቁጥር ከሆነ ወይም «ያልተገደበ» ካለ፣ ዛሬ ያለውንም ነገ የሚገባውንም ዩኤስዲቲ ሳይጠይቁ ሊወስዱት ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ወዲያው አይወስዱም፤ እስኪጠራቀም ይጠብቃሉ።

ሦስተኛ፣ በኢቴሪየም ዓይነት ኔትወርኮች ላይ «ፐርሚት» የሚባል ፊርማ አለ። የኔትወርክ ክፍያ ስለማያስከፍል ሰው መግቢያ ብቻ መስሎት ይፈርማል፤ ነገር ግን እሱም የመውሰድ ፈቃድ ሊሆን ይችላል።

ፈቃዶቹን ለማየት፣ አድራሻው በቲ (T) የሚጀምር፣ ማለትም የትሮን ኔትወርክ፣ ከሆነ ትሮንስካን ላይ፣ በዜሮ ኤክስ (0x) የሚጀምር፣ ማለትም የኢቴሪየም ዓይነት፣ ከሆነ ሪቮክ ካሽ ላይ ወይም ኢተርስካን ላይ ባለው የፈቃድ ማጣሪያ ነው። የድረ ገጹን ስም ራሱ በእጁ ይጻፍ። በፍለጋ ውጤት ላይ ከላይ በማስታወቂያነት የሚመጣውን አይጫን፤ የእነዚህ መሣሪያዎች አስመሳይ ገጾች አሉ።

ሳሮን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብድሩን አቁሟል። ቃላቱን የትም አልጻፈም፤ ግን አፕሩቭ ብሎ በጣም ረጅም ቁጥር ማየቱን ያስታውሳል። አድራሻው በቲ ነው የሚጀምረው። 600ው አሁንም አለ። ሌላ ነገር ደግሞ መጣ፤ አንድ ቡድን ውስጥ ጉዳዩን ጽፎ ነበርና አንድ «የክሪፕቶ መርማሪ» 2,400ውን በ3 ቀን አስመልሳለሁ፣ 200 ዩኤስዲቲ ብቻ ቅድሚያ ክፈል ብሎታል።

ቅድስት

እንግዲያው ፈቃዱን ከማንሳት በፊት 600ውን ማውጣት ይቀድማል። እንዲህ ያድርግ፦

1. አዲስ ዋሌት በአዲስ ቃላት ይክፈት። ቃላቱን በወረቀት ይጻፍ እንጂ ፎቶ አያንሳ፣ ለራሱም በመልእክት አይላክ።
2. አሮጌው ዋሌት ውስጥ ለኔትወርክ ክፍያ የሚሆን ቲአርኤክስ (የትሮን ኔትወርክ የራሱ ገንዘብ) መኖሩን ይይ። ተቀባዩ አድራሻ ዩኤስዲቲ ይዞ የማያውቅ ከሆነ ክፍያው ወደ እጥፍ ገደማ ይሆናልና ትርፍ አድርጎ ይያዝ።
3. አድራሻውን ከአዲሱ ዋሌት የመቀበያ ገጽ ላይ ብቻ ይቅዳ። ከዝውውር ታሪክ ላይ በፍጹም አይቅዳ።
4. አሁን ጊዜ የለምና ሙሉውን በአንዴ ይላክ። ከመላኩ በፊት ግን አድራሻውን መሐሉን ጨምሮ ያንብብ።
5. ከዚያ በኋላ ፈቃዱን ያንሳ፤ ለዚህም ትንሽ ቲአርኤክስ ያስፈልጋል። አሮጌው አድራሻ ዳግመኛ ገንዘብ አይቀበልበት።

ቁጥር 3ን ያጠበቅኩት በምክንያት ነው። አጭበርባሪዎች የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደሎቹ ከእናንተ አድራሻ ጋር የሚመሳሰሉ አድራሻዎችን በፕሮግራም ያመነጫሉ፤ ከዚያ አድራሻ እጅግ ጥቂት ወይም ዜሮ መጠን ይልኩና ታሪካችሁ ውስጥ ይቀመጣሉ። በፈረንጆች 2024 በዚህ መንገድ አንድ ሰው 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ «ራፕድ ቢትኮይን» (ዋጋው ከቢትኮይን ጋር የተያያዘ ቶክን) ለአስመሳዩ አድራሻ ልኮ ነበር። አብዛኛው ቢመለስም፣ የእሱ ዕጣ ለሌላው አይደርስም። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን 4 ፊደሎች ብቻ ማየት የማይበቃው ለዚህ ነው።

ናትናኤል

«መርማሪው» ሁለተኛው አጭበርባሪ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያው ጋር ያው ሰው ወይም ዝርዝሩን ከእሱ የገዛ ነው። ብሎክቼይን (የክሪፕቶ ዝውውር የሚመዘገብበት የጋራ መዝገብ) ላይ የተረጋገጠ ዝውውርን የሚቀለብስ ሶፍትዌርም ሆነ ሀከር የለም። ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቀ፣ ወይም «ለማጣራት» የመልሶ ማግኛ ቃላቱን ከጠየቀ፣ እዚያው ማገድ ነው።

በእውነት ሊሠራ የሚችለው ሌላ ነው፤ ተስፋው ጠባብ ቢሆንም አለ። ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴዘር የተባለው ኩባንያ በሕግ አስከባሪዎች ጥያቄ አንድን አድራሻ ማገድ ይችላል፤ አድርጎም ያውቃል። ገንዘቡ ታዋቂ ኤክስቼንጅ ላይ ወዳለ አካውንት ከደረሰ ደግሞ ኤክስቼንጁ አካውንቱን ሊያግድ ይችላል። ሁለቱም የሚሆኑት ገንዘቡ ሳይወጣ ከተደረሰበት ነውና ሰዓት ዋጋ አለው።

ለፖሊስ የሚሰጥ ፋይል አዘጋጁ። የእያንዳንዱ ዝውውር መለያ፣ ማለትም 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ቲኤክስአይዲ፣ ከነቀኑ፣ ሰዓቱና መጠኑ ይግባበት። የላኪና የተቀባይ አድራሻዎች በስክሪንሾት ብቻ ሳይሆን በጽሑፍም ይቅረቡ፤ ከምስል ላይ ፊደል እየቆጠረ የሚጽፍ መርማሪ ይሳሳታል። የድረ ገጹ ሙሉ አድራሻና የሴትዮዋ የቴሌግራም ስም ከነመለያ ቁጥሩ ይጨመር። ለሳይበር ወንጀል ክፍል በአካል ካቀረባችሁ በኋላ፣ ወንድምሽ ዩኤስዲቲውን የገዛበት ኤክስቼንጅ ካለ ለእሱም የአቤቱታውን ቁጥር ጨምራችሁ ጻፉ። ያለ ፖሊስ ወረቀት የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ «ይቅርታ» ብቻ ነው።

መሠረት

ስለ ድረ ገጹ ማጣራት እስካሁን አልተመለሰልሽም።

የመጀመሪያው የዶሜይኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ ስም፣ የተመዘገበበት ቀን ነው። «ሁ ኢዝ» የሚባል ነፃ መፈለጊያ ላይ ስሙ ሲጻፍ መቼ እንደተመዘገበ ያሳያል። «ከ2016 ጀምሮ እየሠራን ነው» የሚል ድረ ገጽ የተመዘገበው ከ2 ወር በፊት ከሆነ ነገሩ አለቀ። አሮጌ መሆኑ ግን ንጹሕነትን አያሳይም፤ አሮጌ ስም ይገዛል።

የፈቃድ ሰርተፍኬት ምስል ዋጋ የለውም። ፈቃድ ሰጠ የተባለውን ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ በራሳችሁ ከፍታችሁ ቁጥሩንም የድረ ገጹን አድራሻም እዚያ ፈልጉ፤ የእውነተኛ ድርጅት ቁጥር ሰርቀው የሚለጥፉ አሉ። የእንግሊዙ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ኤፍሲኤ የማስጠንቀቂያ ዝርዝር፣ የካሊፎርኒያው የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ዲኤፍፒአይ ደግሞ የክሪፕቶ ማጭበርበሮችን ዝርዝር ያወጣሉ፤ ከየትም አገር ማየት ይቻላል። ስሙ እዚያ ከሌለ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ስም በየሳምንቱ ይቀያይራሉ።

አፑ የመጣው በሊንክ ከተላከ ፋይል ከሆነ ወይም ከመደበኛው የአፕ መደብር ውጭ ከሆነ እሱም ትልቅ ምልክት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ቁጥሩን ማስላት ይጠቅማል። በቀን 1% ትርፍ ትንሽ ይመስላል። ትርፉ ራሱ እየተራባ ሲሄድ 100 ዶላር በ365 ቀን ወደ 3,778 ዶላር ይደርሳል፤ በቀን 2% ከሆነ ከ137,000 ያልፋል። ይህን የሚችል ሰው የማንንም 100 ዶላር አይለምንም። በፈረንጆች ጥር 2018 የወደቀው ቢትኮኔክት የተባለ የክሪፕቶ ማጭበርበሪያ በዚህ ዓይነት የዕለት ትርፍ ነበር ሰው የሰበሰበው። ዋንኮይን የተባለው ሌላው ማጭበርበሪያ ደግሞ እውነተኛ ብሎክቼይን እንኳ አልነበረውም፤ መሥራቿ ሩጃ ኢግናቶቫ በ2022 የኤፍቢአይ 10 ዋነኛ ተፈላጊዎች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች።

ዮናስ

ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። ኮሜንት ላይ አንድ ሰው 12 ቃላት ለጥፎ «ዋሌቴ ውስጥ 1,800 ዩኤስዲቲ አለ፣ እንዴት እንደማወጣው አላውቅም» ይላል። ስከፍተው እውነትም አለ፤ የጎደለው የኔትወርክ ክፍያ ብቻ ነው። ይህ ምንድን ነው?

ኤፍሬም

ቲአርኤክስ እንዳትልክበት። ትሮን ላይ የአንድን አካውንት የመፈረም ሥልጣን ለሌላ አድራሻ ማስተላለፍ ይቻላል። የዚያ ዋሌት ሥልጣን አስቀድሞ ተዛውሯል፤ ቃላቱ ገንዘቡን ያሳዩሃል እንጂ አያንቀሳቅሱትም። ለክፍያ ብለህ የምትልከውን ቲአርኤክስ የሥልጣኑ ባለቤት ይወስደዋል። ትሮንስካን ላይ አድራሻውን ከፍተህ የፈቃድ ክፍሉን ብታይ ባለቤት ሆኖ የተቀመጠው ሌላ አድራሻ መሆኑን ታገኛለህ። ሥልጣኑ ባልተዛወረባቸው ኔትወርኮች ላይ ደግሞ ያለማቋረጥ የሚጠብቅ ፕሮግራም የላክኸውን በሰከንዶች ውስጥ ይጠርገዋል። የሰው ገንዘብ መሆኑ ደግሞ በራሱ ከመንካት ሊከለክለን ይገባል።

ዩኤስዲቲ ለምትቀበሉም ልጨምር፤ «ዩኤስዲቲ» የሚል ስምና ምልክት ያለው ቶክን ማንም መሥራት ይችላል። የሚለየው የኮንትራት አድራሻው ነው። እሱን ከቴዘር ድረ ገጽ ላይ ወስዳችሁ ከገባላችሁ ቶክን ጋር በኤክስፕሎረር (እንደ ትሮንስካን ባለ የዝውውር መመልከቻ ገጽ) አስተያዩ። በሰው ለሰው ሽያጭ የክፍያ ስክሪንሾት አይታችሁ ኮይን አትልቀቁ፤ ገንዘቡ ባንካችሁ መግባቱን ራሳችሁ እዩ፣ የላኪው ስምም ከገዢው ስም ጋር አንድ ይሁን። ሌላ ሰው ከላከው ያ ሰው ራሱ የተጭበረበረ ሊሆን ይችላል፤ አካውንታችሁ በእሱ አቤቱታ ይታገዳል።

ሳሮን

600ው አዲሱ ዋሌት ገብቷል፣ ፈቃዱም ተነሥቷል። ተመስገን። «መርማሪውን» አግዶታል። አሁን ሴትዮዋን «ሌባ መሆንሽን አውቀናል» ሊላት ነው፤ ይበላት?

ናትናኤል

ገና አይበላት። ቴሌግራም ላይ የሁለቱንም ወገን ንግግር ከአንድ ወገን መሰረዝ ይቻላልና፣ ነቅቷል ብላ ካሰበች ማስረጃው በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። በኮምፒውተር በሚሠራው ቴሌግራም ንግግሩን ከነፎቶውና ከነድምፁ ኤክስፖርት ያድርግ፤ የድረ ገጹንም የሂሳብና የ«ታክስ» ገጾች ከላይ አድራሻው እየታየ ስክሪንሾት ያንሳ። የተቀመጠው ፋይል ሌላ ቦታ ላይ መከፈቱን ካያችሁ በኋላ ምንም ሳይላት ዝም ብሎ ያግዳት፤ ምክንያቱም ስልክ ቁጥሩና ፎቶው በእጇ ስላለ ጭቅጭቅ ውስጥ ከገባ ወደ ማስፈራራት ሊዞሩ ይችላሉ።