ንክሻው ከተስተካከለ በኋላ ቡና የያዘ ክራውን፦ ፖሊሽ ወይስ ግሌዝ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የላይኛው ፕሪሞላር (ከክራንቻ ኋላ ያለ ትንሽ መንጋጋ) ላይ በሬዚን ሲመንት (የሬዚን ማጣበቂያ) የተለጠፈ የሊቲየም ዳይሲሊኬት (ጠንካራ የመስታወት ሴራሚክ) ክራውን፣ ማለትም የጥርስ ሽፋን፣ አለ፤ ሼዱ (የቀለም ደረጃው) ኤ2 ነው። ከተለጠፈ በኋላ ንክሻው ከፍ ስላለ ማላመጫው በዳይመንድ በር (የአልማዝ ቅንጣት ባለው መሞረጃ) ተነክቶ፣ ለኮምፖዚት (ለሬዚን የጥርስ መሙያ) በሚሆን ነጭ ላስቲክ ተወልውሎ ተለቀቀ። ከስድስት ወር በኋላ የተነካው ቦታ ብቻ ቡናማ ሆኗል። ታካሚዋ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ይጠጣሉ። አፍ ውስጥ ፖሊሽ (ወልውሎ ማለስለስ) ይበቃል ወይስ ወጥቶ ግሌዝ (እቶን ውስጥ የሚተኮስ መስታወት መሰል ስስ ልባስ) ይደገም?

የላብ ቴክኒሺያን፦
እባክዎ አያውጡት። በሬዚን የተለጠፈ ክራውን ሳይቆረጥ አይወጣም ማለት ይቻላል። ደግሞም አፍ ውስጥ የከረመ ሴራሚክ እርጥበት ስለሚይዝ እቶን ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሴራሚኩ ቡና አልመጠጠም፤ ግሌዙ ተነስቶ ዳይመንዱ በተወው ጭረት ውስጥ እድፉ ተቀምጦ ነው። ያ ነጭ ላስቲክ ይህን የመሰለ ጠንካራ ሴራሚክ አይቆርጥም፤ የጭረቱን አናት ያበራና ሥሩን ይተወዋል።

የጥርስ ሐኪም፦
በቅድሚያ በፑሚስ (የሚፈትግ የድንጋይ ዱቄት) እና በውሃ ይጽዳ። ከጽዳቱ በኋላ ጠርዙ ላይ ቀጭን መስመር ከቀረ ችግሩ ሲመንቱ ነው፤ ፖሊሽ አይረዳውም።

እድፉ የላይ ከሆነ ግን፣ ቀይ ቀለበት ያለው ደቃቅ ዳይመንድ፣ ቀጥሎ ይበልጥ ደቃቁ ቢጫው፣ ሁለቱም ውሃ እየፈሰሰ፣ እጅ ሳይጫን። ከዚያ ለሊቲየም ዳይሲሊኬት የተሠሩ ዳይመንድ ያለባቸው ላስቲኮች ከሻካራው ወደ ለስላሳው። አንዱም አይዘለል፤ በየመካከሉ ታጥቦ ይድረቅ፤ የሻካራው ቅንጣት ከቀረ ለስላሳው ላስቲክ ራሱ ይጭራል። ፍጥነቱ አምራቹ ከጻፈው አይለፍ፤ ሙቀት ስንጥቅ ይወልዳል። መጨረሻ ላይ የዳይመንድ ፓስታ በብሩሽ። ግቡ ሻካራነቱ ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች እንዲወርድ ነው፤ ከዚያ በላይ ባክቴሪያም ይበልጥ ይከማቻል። አድርቀው በሎፕ (አጉሊ መነጽር) ይዩት፤ ጭረት እርጥብ ሲሆን ይደበቃል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ወደፊት ሳይለጠፍ በፊት ቢስተካከልስ?

የላብ ቴክኒሺያን፦
ያኔ ይላኩልን። በደቃቅ ዳይመንድ ለስልሶ፣ በእንፋሎት ታጥቦ ግሌዝ ይደረጋል። እቶን በተደጋገመ ቁጥር ግን ሼዱና ብርሃን አሳላፊነቱ ሊለወጥ ስለሚችል አንዴ ይበቃል። ክራውኑ ከዚርኮኒያ (ሌላ፣ ይበልጥ ጠንካራ ሴራሚክ) ከሆነ የንክሻ ነጥቦቹ ላይ ግሌዝ አልመክርም፤ ግሌዙ ተፍቆ ሲያልቅ ከሥሩ የሚወጣው ሻካራ ገጽ ተቃራኒውን ጥርስ ይበላል። እዚያ በደንብ ፖሊሽ የተደረገው ይሻላል።

ሌላ ሐኪም፦
አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፦ 1.23 በመቶ አሲዳማ ፎስፌት ፍሎራይድ ጄል ግሌዙን እየበላ ያሻክራል። ክራውን ላለው ታካሚ ገለልተኛውን ሶዲየም ፍሎራይድ ስጡ። የቀለም ለውጡንም በዓይን ብቻ አትገምቱ። በዴልታ ኢ 00 (የሁለት ቀለሞችን ልዩነት በቁጥር በሚገልጽ) ስሌት 0.8 ከተመልካቾች ግማሹ የሚለየው፣ 1.8 ደግሞ ግማሹ የሚቀበለው ልዩነት ነው። መለኪያ ካለ ከፖሊሹ በፊትና በኋላ ይለካ፤ ክራውኑ ከጽዳት በኋላም በሙሉ ቢጫ ካለ ሲመንቱን ጠርጥሩ።