አስቸኳይ! ልጆቹን መዝነን ነገር ተበላሸ፣ ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ

ቲቸር ስፖርት፦
ሰላም ቤተሰብ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጠዋት 2:30 የወላጅ ስብሰባ አለ። ዳይሬክተሩ «የውፍረት መከላከያ የጤና ፕሮግራም ጽፈህ ና» ብሎኛል። የጤና ክበብ ተጠሪ እኔ ነኝ። ትናንት ልጆቹን መዝነን ውጤቱን ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። ዛሬ አንዲት ልጅ ምሳ ዕቃዬን አልከፍትም አለች። እናትየዋ መጥታ ግቢውን አናወጠችው። ያለቀለት ፕሮግራም ያላችሁ ላኩልኝ፣ 2 ገጽ ይበቃል። ሚዛኑ ዲጂታል ነው፣ ስህተት የለበትም።

የጉለሌው፦
መጀመሪያ ወረቀቱ ከግድግዳው ተነስቷል?

ሎሚ በሙቅ ውሃ፦
ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውሃ። እኔ በ2 ወር 6 ኪሎ ቀንሻለሁ።

የጉለሌው፦
ልጆች ናቸው እኮ!

ሎሚ በሙቅ ውሃ፦
ግማሽ ሎሚ ታዲያ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ስሜታዊ አትሁን፣ ረጋ ብለህ ስማኝ። እኛ ስንማር ውፍረት የሚባል ነገር አልነበረም። ጠዋት አንድ ሰዓት በእግር እንሄዳለን፣ ማታ አንድ ሰዓት እንመለሳለን። ባንዲራ ከመሰቀሉ በፊት እጅና እግር እናፍታታለን። ምሳችን ቆሎ ነበር። ምሳ ዕቃ የያዘ ልጅ ካለ የሹም ልጅ ነው ማለት ነው። ዛሬ ልጁ ከቤቱ በር ሰርቪስ ይገባል፣ ከትምህርት ቤቱ በር ይወርዳል። ትምህርት ቤቱ ራሱ ተከራይቶ የሚሠራበት ቪላ ነው። ሜዳ የለውም፣ ያለችው ቦታ ላይ የዳይሬክተሩ መኪና ቆማለች። እንግዲህ ልጁ የት ይሩጥ? ይህን ሳትመልስ ሚዛን መግዛት ቀሚስ ሳይኖር መቀነት መግዛት ነው። ስለ ሥነ ምግባር ትምህርት መዳከም ደግሞ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ቁም ነገር ብቻ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አይገባኝም። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን 37 በመቶው ቀንጭረዋል። መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የገባው መቀንጨርን ለማጥፋት ነው። እናንተ የወፈረ ልጅ ፍለጋ ሚዛን ይዛችሁ ትዞራላችሁ። ውፍረት የፈረንጅ በሽታ ነው።

ሲስተር፦
ወንድሜ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን እሱ የመላ አገሪቱ ነው፣ ያውም ከ5 ዓመት በታች። አዲስ አበባ ውስጥ ባንድ ሰፈር ሁለቱንም ታገኛለህ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለው ልጅ ቁርስና ምሳ ከተማው ያበላዋል፣ ያለዚያ ተርቦ ይውላል። ከአጥሩ ማዶ የግል ትምህርት ቤት ያለው ደግሞ ችፕስ በጁስ እያወራረደ ይውላል። አንዱ ስላለ ሌላው የለም አይባልም።

ቲቸር፣ ሁለት ነገር ንገረኝ። ስንተኛ ክፍል ናቸው? ቀለሙን የሰጣችሁት በምን ሰንጠረዥ ነው?

ቲቸር ስፖርት፦
3ኛ ክፍል፣ 41 ልጆች፣ ሁሉም 9 ዓመት ገደማ። ክብደቱን ለቁመት፣ እንደገና ለቁመት አካፈልን። ሰንጠረዡን ከኢንተርኔት አወረድኩ። ከ18.5 በታች ቢጫ፣ እስከ 25 አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ቀይ። 33ቱ ቢጫ ወጡ፣ 7ቱ አረንጓዴ። ቀይ እሷ ብቻ ናት። ቢጫው መብዛቱ እኔንም ገርሞኝ ነበር።

ሲስተር፦
ወይ ጉድ። ያ የአዋቂ ሰንጠረዥ ነው! ልጅ በዚያ አይለካም። ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው አለ፣ በዕድሜና በጾታ የተለየ ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛዋ ቁጥር 16 አካባቢ ናት። ከ18.3 ካለፈች ክብደቷ ከመጠን አልፏል። ከ21.5 ካለፈች ውፍረት ይባላል። ለወንዱ 17.9 እና 20.5 ነው።

እና ምን ማለት ነው? ቢጫ ካልካቸው አብዛኞቹ ምንም ያልሆኑ ልጆች ናቸው። «ጤናማ» ብለህ አረንጓዴ የቀባሃቸው 7ቱ ደግሞ ሁሉም ከመጠን አልፈዋል። ሚዛኑ ልክ ነው፣ ቀለሙ ነው የዋሸው።

የጉለሌው፦
33 እናቶች ዛሬ ማታ ቅቤ እያነጠሩ ነው በለኛ።

የሁለት ልጆች እናት፦
አትሳቅ፣ እውነት ነው። የእኔን ልጅ «ከስታለች» ብለው በኮሚዩኒኬሽን ቡክ ጽፈው ልከውልኝ ያውቃሉ። አንድ ወር ሙሉ በግድ ገንፎ ስቀልባት ከረምኩ። እኛ አገር ድንቡሽቡሽ ልጅ ያላት እናት ነች እናት የምትባለው።

ኤድንብራ ያለሁት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የሚማረው እዚህ ስኮትላንድ ነው። ስተርሊንግ ውስጥ አንዲት ርዕሰ መምህርት በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ነገር አለ፣ «ዴይሊ ማይል» ይሉታል። በየቀኑ 15 ደቂቃ ልጆቹ ከክፍል ወጥተው በለበሱት ልብስ ይሮጣሉ ወይም ይራመዳሉ። ውድድር የለም፣ ቱታ መቀየር የለም፣ ወጪ የለም። የደከመው ከጓደኛው ጋር እያወራ ይዞራል። ከዚያ ተመልሰው ሒሳብ። አሁን ብዙ አገር ገብቷል። ቀላል ነው፣ ነገ ማቅረብ ትችላለህ።

የ4ኛ ክፍል አለቃ የነበርኩ፦
እኛ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ያረፈደ ነበር። «ግቢውን 3 ዙር!» ቲቸር ስፖርት፣ አንተም ታስሮጣለህ አይደል? ልጁ ሩጫን በቅጣትነት ካወቀው 15 ደቂቃህ የ15 ደቂቃ ቅጣት ነው። እረፍት መከልከልም እንደዚያው። የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ጎበዙ ከረሜላ ይሸለማል። እንቅስቃሴ ቅጣት፣ ስኳር ሽልማት። ከዚያ የጤና ክበብ።

ቲቸር ስፖርት፦
3 ዙር አይደለም፣ 2 ነው የማስሮጠው።

ጥናት ወዳድ፦
ተስፋ ላስቆርጣችሁ አልፈልግም ግን መባል አለበት። እንግሊዝ ውስጥ ዌስት ሚድላንድስ የሚባለው አካባቢ በ54 ትምህርት ቤቶች የ6 እና የ7 ዓመት ልጆችን ይዘው ሞክረዋል። በየቀኑ ተጨማሪ 30 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ከወላጅ ጋር ምግብ ማብሰል፣ ምኑ ቅጡ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ። በክብደት ላይ የረባ ለውጥ የለም። ትምህርት ቤት ብቻውን አይችልም፣ ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መመዘኑን በተመለከተ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ 79 ትምህርት ቤቶች ላይ ተጠንቷል፣ ወደ 29 ሺህ ተማሪ። ክብደቱን ለወላጅ በደብዳቤ ማሳወቅ ማንንም አላከሳም። ትምህርት ቤት የተመዘኑት ልጆች ግን ሰውነታቸውን ይበልጥ ጠሉት።

ቁም ነገር ብቻ፦
አላልኳችሁም? ተዉት።

ጥናት ወዳድ፦
እንተወው አላልኩም። የሠራም አለ። ጀርመን ውስጥ ዶርትሙንድና ኤሰን በ32 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጠንቷል። ግማሾቹ ጋ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ተተከለ፣ ለየልጁ ኮዳ ተሰጠ፣ መምህሩ ጠዋት ጠዋት ያስሞላል። ስለ ውሃ 4 ክፍለ ጊዜ ተማሩ። በቃ። በትምህርት ዓመቱ ማብቂያ ከመጠን ያለፈ ክብደት የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ31 በመቶ ዝቅ አለ። ሚዛን ከምትገዙ ቧንቧ አስጠግኑ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ውሃ ጥሩ። ግን ልጄ ኮዳዋን ሞልቼ እሰጣታለሁ፣ ማታ እንደሞላ ይመለሳል። ለምን ስላት «ሽንት ቤቱ ይሸታል፣ በሩ አይዘጋም» አለችኝ። ላለመሄድ ብላ አትጠጣም። ልክ ሰርቪስ ስትወርድ ሱቅ ሮጣ ለስላሳ ግዢልኝ ትላለች፣ ጠምቷት ይውላልና። ፕሮግራምህ ውስጥ የሽንት ቤት በር ቁልፍ ጻፍ።

ሎሚ በሙቅ ውሃ፦
ለስላሳውን በሎሚ ውሃ መተካት ይቻላል።

የጉለሌው፦
ይህኛው እንኳን ልክ ነው።

ባለ ላውንጅ፦
እኔ የትምህርት ቤት ላውንጅ ነው የምሠራው፣ ሌላ ትምህርት ቤት። ሁሌ እኛ ላይ ነው የሚጮኸው። ሒሳቡን ልንገራችሁ። እረፍት 15 ደቂቃ ነው። 200 ልጅ ይሰለፋል። ችፕስ አንስተህ ትሰጣለህ፣ በሰከንድ ያልቃል። የማይሸጥ ቢሆን ለወራት ይቀመጣል። ሙዝ አርብ ካልተሸጠ ሰኞ ጠቁሯል፣ ኪሳራው የኔ ነው። ጾም ሲሆን ይባስ፣ እናቶች ራሳቸው «ችፕስ የጾም ነው» ብለው ብር ሰጥተው ይልካሉ። ኪራዬ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። ትምህርት ቤቱ ኪራይ ይቀንስልኝ፣ ሙዝ፣ ቆሎና የተቀቀለ ድንች በዳጣ እሸጣለሁ።

አንድ ነገር ሞክሬ ሠርቶልኛል። ችፕሱን ከመስኮቱ ፊት አንስቼ ከኋላ መደርደሪያ ላይ አደረግኩት። ፊት ለፊት ቆሎ በትንንሽ ፌስታል። አልከለከልኩም። ልጅ ያየውን ነው የሚጠራው።

ሲስተር፦
ይህ ከሁሉም የሚሻል መልስ ነው። አንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ፣ 8 የሻይ ማንኪያ ነው። ቲቸር፣ ነገ ስታቀርብ አታውራው፣ አሳየው። ባዶ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አድርግ፣ ስኳሩን አንድ በአንድ እየቆጠርክ ጨምር። አምስተኛው ላይ ወላጆቹ መንጫጫት ይጀምራሉ።

ቲቸር ስፖርት፦
ላውንጁን መንካት አልችልም። የምትሠራው የዳይሬክተሩ እህት ናት።

የጉለሌው፦
ይህን መጀመሪያ ብትለን ኖሮ...

የ4ኛ ክፍል አለቃ የነበርኩ፦
ለስላሳ በሙሉ ይከልከል። ፔፕሲ ብቻ ይፈቀድ። ጨዋታውን ማለቴ ነው። ሱዚ፣ አባሮሽ፣ ሰኞ ማክሰኞም ጨምሩ፣ ለጠባብ ግቢ የተሠሩ ናቸው። እኛ ኮሪደር ላይ እንጫወተው ነበር።

ኤድንብራ ያለሁት፦
የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚለው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ነው። 15ቱን ሩጫ፣ 15ቱን የእረፍት ሱዚ ብትይዝ ግማሹን ትምህርት ቤት ውስጥ ጨረስክ።

ሲስተር፦
ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ ቲቸር ላሳጥርልህ። ነገ ስትቆም መጀመሪያ ይህን በል፦ «ያደረግነው ስህተት ነበር። ሰንጠረዡ የአዋቂ ነው። ወረቀቱ ተነስቷል። ከእንግዲህ የማንም ልጅ ክብደት በሌላ ልጅ ፊት አይነገርም።» አራት ዓረፍተ ነገር። አታስረዳ፣ ሚዛኑ ዲጂታል ነው አትበል።

ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ አቅርብ፣ ለሁሉም ልጅ እኩል የሚሆን። የጠዋት ኮዳ መሙላትና የሽንት ቤት በር። በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ያለ ቅጣት። የልደት ኬክ በየሳምንቱ ከሚሆን በወር አንድ ጊዜ ለወሩ ልደተኞች በሙሉ። ላውንጁን ወላጆች ራሳቸው ያነሱታል፣ አንተ ዝም በል፣ ስኳሩን ብቻ ቁጠር።

ልጅቷን ለብቻዋ ጠርተህ አታጽናናት፣ ይብስባታል። እናቷን ግን ከስብሰባው በፊት ለብቻ ይቅርታ ጠይቃት። ልጇን የሕፃናት ሐኪም ቢያያት ጥሩ ነው። በዚህ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ልጅ ማክሳት አይደለም። ክብደቱ ባለበት ይቆያል፣ ቁመቱ ይደርስበታል። ምግብ የሚከለክል ሰው እንዳይጠጋት።

ጡረተኛው መምህር፦
ሲስተር፣ ተባረኪ። ቆሎውን ግን አትርሱት።

ቲቸር ስፖርት፦
አመሰግናለሁ። ወረቀቱ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፣ ክፍሉ ተቆልፏል። ነገ 1 ሰዓት ላይ ገብቼ አነሳዋለሁ። ሲመሽ እጽፍላችኋለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦
(ከ2 ቀን በኋላ) ቲቸር፣ ስብሰባው እንዴት ሆነ? ልጅቷ በላች?

የጉለሌው፦
(ከሳምንት በኋላ) ቲቸር?

አዲስ ገቢ፦
(ከወር በኋላ) ሰላም፣ እኔም የጤና ክበብ ተጠሪ ነኝ። ያ ዲጂታል ሚዛን ስንት ነው የተገዛው? መርካቶ ይገኛል?