የጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል የት ላይ ይለያያሉ?

ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ መሐል ሜዳ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። የሕግ ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ ድረሱልኝ።

ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመውን የ1998ቱን (እ.ኤ.አ.) የሮም ስምምነት ይዤ አንድ ቦታ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። ስለ ጦር ወንጀል የሚናገረው አንቀጽ 8 ብዙም አያስቸግርም። ድርጊቱ ከትጥቅ ግጭት ጋር መያያዝ አለበት፤ ምርኮኛ መግደል፣ ሲቪሎችን ዒላማ ማድረግ፣ የመሳሰለው። ራስ የሚያዞረው በሰብአዊነት ላይ ስለሚፈጸም ወንጀል የሚናገረው አንቀጽ 7 ነው። ጦርነት ባይኖርም ይሠራል። ግን ድርጊቱ በሲቪሎች ላይ የተሰነዘረ ሰፊ ወይም ስልታዊ ጥቃት አካል መሆን አለበት። አድራጊውም ጥቃቱን ማወቅ አለበት።

አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ አንድ ሰው ብቻ የገደለስ?» አለኝ። የጦር ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ነገርኩት። በአንቀጽ 7ስ? ጥቃቱ ሰፊ ከሆነ የእሱ አንድ ግድያ ይበቃል ወይስ እሱም ብዙ መግደል አለበት? እኔ ይበቃል ባይ ነኝ፤ ግን አፌን ሞልቼ ለመናገር ፈራሁ። ልጆቹ እንደሆኑ አይለቁም።

ሌላው ደግሞ፣ ኢትዮጵያ የሮም ስምምነት አባል አይደለችም። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ (ጊዜው አልፏል ተብሎ) አይታገድም ይላል፤ ሰው መሰወርንና ማሰቃየትን ይጠቅሳል፣ ስለ «ሰፊ ወይም ስልታዊ» ግን አያነሳም። ታዲያ ለልጆቹ የቱን ትርጉም ልስጣቸው? ሰኞ ክፍል እገባለሁ።