«ኳስ እንጀራ አይሆንም» ያሉት አባት

የጠባሴ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ደብረ ብርሃን የወላጆች ስብሰባ ነበር። የእህቴ ልጅ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። አንድ አባት ተነሥተው «ቅርጫት ኳስ ለሴት ልጅ እንጀራ አይሆንም» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ! ደሜ ፈላ። አሜሪካዊቷን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ዳያና ቶራሲን ሰምተው ያውቃሉ? ከ2004 እስከ 2024 በፈረንጆቹ በአሜሪካ የሴቶች ሊግ ለአንድ ክለብ፣ ለፊኒክስ። ስድስት የኦሎምፒክ ወርቅ!

መንዜው፦ እና ምኑ ነው ያናደደህ? ቶራሲ ራሷ እንጀራዋን የት ጋገረች? ሩሲያ ነው። በ2015 በተጓዳኝ የምትጫወትለት የሩሲያ ክለብ የአሜሪካውን ውድድር ትታ እንድታርፍ ከፈላት። ላለመጫወት ተከፈላት እኮ! ፊኒክስ ከሚሰጣት ብዙ እጥፍ።

የጠባሴ ልጅ፦ ሩሲያ የተጋገረ እንጀራ አይባልም?

መንዜው፦ ይባላል። አሜሪካዊቷን ተጫዋች ብሪትኒ ግራይነርን ጠይቃት። ለዚያው እንጀራ ስትመላለስ አይደል በ2022 ሞስኮ አየር ማረፊያ የተያዘችው? አሥር ወር ሊሞላት ሲል ነው በእስረኛ ልውውጥ የወጣችው።

ወለተ ሸዋ፦ ወንዶች ስለ እንጀራ ስታወሩ ደስ ይለኛል። ጋግራችሁ የምታውቁ ይመስል። በ2024 ኬትሊን ክላርክ በአሜሪካ የሴቶች ሊግ የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ ሆና ተመርጣ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ 76,535 ዶላር ነበር። የዚያው ዓመት የወንዶቹ አንደኛ ከ12 ሚሊዮን በላይ። እንጀራው አለ። አቆራረሱ ነው ችግሩ።

መንዜው፦ እህቴ፣ የወንዶቹ ሊግ ብዙ ገቢ ያስገባል። ሒሳብ ነው።

ወለተ ሸዋ፦ ሒሳቡን ማን ያዘው?

የቀድሞ ሯጭ፦ እኔን ስሙኝ። ልጅቷን ሩጫ አስገቧት። 2,800 ሜትር ከፍታ በነጻ ተሰጥቷችሁ ከብረት ቀለበት ጋር ትታገላላችሁ? ደራርቱን አታዩም?

የጠባሴ ልጅ፦ ደራርቱም ከባርሴሎና በፊት «ሩጫ ለሴት እንጀራ አይሆንም» የሚላት አልጠፋም፣ እወራረዳለሁ።

መንዜው፦ ውርርድ ማስረጃ ሆነ ደግሞ።

ሸዋ ሮቢት፦ ደብረ ብርሃን በጥቅምት ውርጭ ኳሱ ራሱ አይነጥርም 😂 ወደኛ ውረዱ።

የጠባሴ ልጅ፦ አንተ ደግሞ ሙቀትህን ይዘህ እዚያው ተቀመጥ። የእኛ ችግር ብርድ አይደለም። ቀለበቱ መረብ የለውም። ኳሱ «ገባ»፣ «አልገባም» እየተባባሉ ነው የሚመሽባቸው። የልጅቷ መዳፍ በሲሚንቶው ተልጧል፤ ማታ ማታ ቫዝሊን ትቀባዋለች። ጠዋት ተመልሳ ትሄዳለች።

ወለተ ሸዋ፦ ለመሆኑ አባትየው ምን ሠርተው ነው የሚኖሩት?

የጠባሴ ልጅ፦ ጡረተኛ ናቸው። ድሮ ኳስ ተጫዋች ነበሩ አሉ።

መንዜው፦ በል እንግዲህ! ከሚያውቅ ሰው ነዋ የሰማኸው።

የጠባሴ ልጅ፦ የእሳቸው እግር ኳስ ነው።

መንዜው፦ ኳስ ኳስ ነው።

ወለተ ሸዋ፦ አይደለም።