ከድንጋይ ላይ የተነሣ ሞስ ሃይላንድ ውስጥ ቢጫ ሆነብን፤ ምን እናድርግ? (ሀዋሳ)

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለባዮሎጂ ማሳያ እንዲሆን ታቦር ተራራ ላይ ከድንጋይ የተነሣ፣ ሲደርቅ የሚጠቁር ሞስ (ሳረንስት) አለን። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ቆርጠን ከታች ኮምፖስት አደረግንበት፤ ከድነንም ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጥነው። ጠዋትና ማታ የቧንቧ ውሃ ይረጫል። በ3ኛው ሳምንት መሃሉ ቢጫ ሆነ፤ ነጭ ፀጉርም ይታይበታል። ሻጋታ ነው?

መልስ 1
ነጩን ነገር በአጉሊ መነጽር እዩት። ከየቅጠሉ ጫፍ አንድ አንድ ሆኖ ከወጣ የሞሱ የራሱ ነው። እንደ ግሪሚያ ያሉ ፀሐይ የሚመታው ድንጋይ ላይ የሚበቅሉ ሞሶች የቅጠላቸው ጫፍ ነጭ ፀጉር ነው፤ ብርሃን ይመልሳል፣ ጤዛም ይይዛል። ከቅጠል ቅጠል እንደ ሸረሪት ድር ከተያያዘ ግን ሻጋታ ነው፤ ያንን ክፍል በመቆንጠጫ አንሡት።

ኮምፖስቱን ዛሬውኑ አውጡ። ሞስ ሥር የለውም። ከታቹ ያሉት ክሮች፣ ራይዞይድ የሚባሉት፣ በዋናነት ድንጋዩን መያዣ ናቸው። ውሃና ማዕድን የሚገባው በቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ በአብዛኛው ውፍረቱ አንድ ሴል ብቻ ነው። የኮምፖስት ጨው በቀጥታ ያገኘዋል፣ ሻጋታውም እዚያው ይቀለባል። በምትኩ ሸካራ ድንጋይ አድርጉለት፤ ከተነሣበት ድንጋይ ጋር የሚመሳሰል ቢሆን ይመረጣል።

መልስ 2
በእኔ አስተያየት ከኮምፖስቱ የባሰው ክዳኑ ነው። ይህ ሞስ ደርቆ ሳለ ኃይለኛ ሙቀት ይችላል፤ እርጥብ ሆኖ ተከድኖ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ግን ይቀቀላል። የማታውንም ርጭት ተዉት። እርጥብ ሆኖ ሲያድር ያጠራቀመውን ምግብ በመተንፈስ ይጨርሳል፤ በጨለማ ደግሞ አዲስ ምግብ አይሠራም። ቤቱ በሞቀ ቁጥር ብክነቱ ይብሳል።

ጠያቂው
እናመሰግናለን። እንግዲያው ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ ብንረጭ ይበቃል?

መልስ 2
ትንሽ ትንሹ ነው የሚገድለው! ደረቅ ሞስ ውሃ ሲነካው ቅጠሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይዘረጋል፤ ስለዚህ ያገገመ ይመስላል። ውስጡ ግን ገና የሴሎቹን ሽፋን እየጠገነ ነው፤ ለዚያም ያጠራቀመውን ስኳር ያወጣል። ወጪውን ሳይተካ መልሶ ከደረቀ ይከስራል፤ ይህ ሲደጋገም ቢጫ ይሆናል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እስኪንጠባጠብ አርጥቡት፤ ቢያንስ እስከ ቀትር እርጥብ ይቆይ፤ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃዋል። ብርሃን ያለበት ግን የቀትር ፀሐይ የማይመታው ቦታ ምረጡ።

መልስ 3
ውሃው የዝናብ ይሁን፤ በክረምት በንጹሕ ጀሪካን አጠራቅሙ። የቧንቧ ውሃ በተነነ ቁጥር ማዕድኑን ቅጠሉ ላይ ይተዋል። የሐይቁን ውሃማ አትሞክሩት፣ ጨዋማነት አለው።

ለማሳያው ደግሞ የስፖር (ሞሱ የሚራባበት፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነገር) ከረጢት ያለበት ካገኛችሁ ክዳኑ የወደቀ ደረቅ ከረጢት ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጉና ቀስ ብላችሁ ተንፍሱበት። አፉ ዙሪያ ያሉት ጥርሶች ከትንፋሹ እርጥበት የተነሣ ሲንቀሳቀሱ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ያያሉ። በአብዛኞቹ ዝርያዎች ጥርሶቹ በደረቅ አየር ይከፈታሉ፣ በእርጥብ ይዘጋሉ፤ ስፖሩ ነፋስ የሚያገኘው በደረቁ ሰዓት ነው።