ታይዋን ገበያ ያለ የታደሰ ቲንክፓድ ቲ480 በ38,000 ብር ያዋጣል?

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ታይዋን ውስጥ አንድ ሱቅ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ላፕቶፕን «አምራቹ ራሱ ያደሰው ነው» ብሎ 38,000 ብር ጠርቶበታል። ኮር አይ5-8350ዩ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ነው። አጠገቡ ያለው ቲ470 በ29,000 ይሸጣል፤ ግን ፕሮሰሰሩ 7ኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። እሱን ትቼዋለሁ።

ያጠራጠረኝ የቲ480ው ባትሪ ነው። ሁለት አለው፤ የዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የውስጡ ከ24 ዋት-ሰዓት ወደ 16፣ የሚነቀለው ደግሞ ከ24 ወደ 11 መውረዱን ያሳያል። አምራች ያደሰው ማሽን እንዲህ ሆኖ ይወጣል እንዴ? ካርቶንና ስቲከር እኮ የትም ይታተማል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ያለው ሲሪያል ቁጥር ከሥሩ ከተለጠፈው ጋር ይገጥማል። የባዮስ ፓስዎርድም የለበትም፣ ይሄ እንኳን ጥሩ ነው፤ ቢኖርበት ማዘርቦርድ እስከማስቀየር ያደርስ ነበር።

ሌላው፣ በዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ሲሰካ አንዴ ይቀበላል፣ አንዴ ይተወዋል። የዚህ ሞዴል የድሮው የተንደርቦልት ፈርምዌር (የዩኤስቢ-ሲ ወደቡን የሚቆጣጠረው ቺፕ ላይ የተጻፈው ሶፍትዌር) ወደቡን እንደሚያበላሽና ሌኖቮ ማስተካከያ እንዳወጣለት አውቃለሁ። ምልክቱ ከታየ በኋላ አፕዴት ማድረግ ብቻ ይበቃል ወይስ ፈርምዌሩ ያለበትን ቺፕ ፕሮግራመር በሚባለው መሣሪያ እንደገና መጻፍ የግድ ነው? ድሬ ላይ ይህን የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

በዚህ ሙቀት የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ፔስት ማስቀየርና ሁለት ባትሪ መግዛት ሲጨመርበት፣ ስንት ድረስ ላስወርደው?